ከሰማይ የወደቀው ድንጋይ የማን ነው?

መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 7 ቀን 2008 በሚሉት ዕለት፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል፣ በሰሜን ሱዳን ከኑብያ በረሃ በላይ አንድ የእሳት ኳስ ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ። ወደ ንጋት ጸሎት ይሄዱ የነበሩ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ብርሃኑን አይተውታል። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ለዓለም አዲስ አይደለም፤ በየዘመኑ፣ በየአገሩ ወድቋል። ይህኛው ግን ከእርሱ በፊት ከወደቁት ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። መምጣቱ አስቀድሞ ታውቋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በዋዜማው፣ በአሜሪካ አሪዞና፣ በሌመን ተራራ ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ ሪቻርድ ኮዋልስኪ የተባለ የሰማይ ተመልካች አንዲት የምትንቀሳቀስ ነጥብ አየ። ያየውንም እንደ ልማዱ ለትንንሽ ፕላኔቶች ማዕከል አስታወቀ። ይህ ማዕከል በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሥር የሚሠራ፣ ከየትኛውም አገር የመጣ ልኬት ተቀብሎ ለሁሉም የሚያካፍል ጽሕፈት ቤት ነው። ስሌቱ ሲሠራ ድንጋዩ ሃያ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ምድርን እንደሚመታ፣ የሚወድቅበትም ስፍራ ሰሜን ሱዳን እንደሆነ ታወቀ። ወሬው በተሰራጨባት ሌሊት በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመልካቾች ቴሌስኮፓቸውን አዙረው ከ500 በላይ ልኬቶች ላኩ። አራት ሜትር ያህል ስፋትና ሰማንያ ቶን ያህል ክብደት የነበረው ድንጋይ ከምድር 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2008፣ ፒተር ጄኒስከንስ የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ የሆላንድ ተወላጅ ተመራማሪ ወደ ካርቱም መጡ። የተቀበሏቸው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙዓዊያ ሻዳድ ነበሩ። ዶክተር ሻዳድ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን፣ በጠቅላላው 45 ሰው፣ በአውቶቡስ ጭነው ወደ በረሃው ወሰዱ። የነበራቸው ዋና መሣሪያ ዐይናቸውና እግራቸው ነበር። እንደ እህል ቃራሚ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ መሬት መሬቱን እያዩ አሸዋውን አቋረጡ፤ ጥቁሮቹንም ድንጋዮች አንድ በአንድ ለቀሙ። በተከታዮቹ ዙሮች ጭምር የተገኘው ስብርባሪ 600 ያህል፣ ክብደቱም ከአሥር ኪሎ በላይ ሆነ። የሰው ልጅ በጠፈር ውስጥ ያየውን አስትሮይድ ራሱን በእጁ ይዞ የመረመረበት የመጀመሪያው ጊዜ፣ ያለ ምንም መንኮራኩር፣ በዚህ ዓይነት በእግር ተፈጸመ።

ድንጋዮቹ በመላው ዓለም የሚታወቁበት ስም አልመሐታ ሲታ፣ ማለትም ስድስተኛው ጣቢያ ነው። በዚያ በረሃ ስም የሚሰጠው መንደር ስላልነበረ፣ ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ በሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ላይ ያሉት ጣቢያዎች በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ሐዲዱን በ1897 የዘረጋው የኪችነር ጦር ነበር፤ የዘረጋውም የመሐዲስቶቹን መንግሥት ለመውጋት ወታደርና መድፍ ሊያመላልስበት ነው። ለጦርነት የተቆጠረ ጣቢያ መቶ ዐሥር ዓመት ቆይቶ የሰላማዊ ዕውቀት ስም ሆነ ማለት ነው። ታሪክ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል።

ይህ ሁሉ የሆነበት ጊዜ ግን ቀልድ የሚወደድበት አልነበረም። ሱዳን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት የሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ ከ1997 ጀምሮም የንግድ ማዕቀብ ተጥሎባታል። ማርች 4 ቀን 2009 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽር ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ደግሞ ኔቸር የተባለው ስመ ጥር የሳይንስ መጽሔት የአልመሐታ ሲታን ጥናት አወጣ፤ ከጸሐፊዎቹ ስም ዝርዝር የዶክተር ሻዳድ ሁለተኛው ነበር። መንግሥታቱ የማይነጋገሩ ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ አብረው ፈረሙ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከዚያስ ይልቅ፣ ሊያኮራን ይገባልን?

አዎን ብሎ ለመመለስ መቸኮል አያስፈልግም። በካርቱም የኖረ ሰው ከሰማይ የወደቀ ሌላም ነገር ያውቃል። ኦገስት 20 ቀን 1998 ምሽት የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳይሎች በባሕሪ የሚገኘውን የአልሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ አፈራርሰዋል። ከወንዙ ማዶ በጀሪፍ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስለዚያ ምሽት ገና ብዙ የሚናገሩት አላቸው። ቶማሆክ የሚባሉት እነዚያ ሚሳይሎች መንገዳቸውን ከሚያገኙባቸው ዘዴዎች አንዱ የሳተላይት መሪ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የዘመድ ቤት የምንፈልግበት ያው የሳተላይት መሪ። እንግዲህ የአስትሮይዱን መንገድ ያሰላው የሰው ልጅ ብልሃትና የሚሳይሉን መንገድ ያሰላው ብልሃት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በዐሥር ዓመት ልዩነት ሁለቱም ወደ ሱዳን ምድር ወረዱ። ሰላማዊ የምንለው የትኛውን ነው፣ ስንልስ በምን ለይተን ነው?

ጥያቄው ከሮኬት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በጠፈር ደፍ የደረሰው የመጀመሪያው ሮኬት የጀርመኑ ቪ-2 ነበር። ዒላማው ለንደንና አንትወርፕ ነበሩ፤ በሚሠራበት ስፍራ በግዞት ሠርተው ያለቁት እስረኞችም ሮኬቱ ወድቆባቸው ከሞቱት ይበዛሉ። ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1950፣ ጀርመኖችና እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ሌሎችም የሮኬት አፍቃሪዎች በፓሪስ ተሰበሰቡ፤ በማግሥቱ ዓመት ዓለም አቀፉን የአስትሮኖቲክስ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ከተማቸውን ከደበደበባቸው መሣሪያ ሠሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ቀላል አልነበረም። ይቅርታ ነበር ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ለሙያ ካላቸው ፍቅር የተነሣ የሞቱትን መርሳት ነበር ብሎ መክሰስም ይቻላል። እኔ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ያለበት ይመስለኛል።

በ1958 የተቋቋመው የጠፈር ምርምር ኮሚቴ፣ በአጭር ስሙ ኮስፓር፣ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ኮስፓር የተወለደው ከ1957 እስከ 1958 በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። በዚያ ዘመቻ 67 አገሮች ተካፈሉ፤ ስፑትኒክም ወደ ሰማይ የወጣችው በዚያው ዓመት መርሐ ግብር ስም ነበር። በኮሚቴው አናት ላይ የተቀመጡት ፕሬዚዳንት ሆላንዳዊው ቫን ደ ሁልስት ሲሆኑ፣ ከሁለቱ ምክትሎች አንዱ ከአሜሪካ አንዱ ከሶቭየት ኅብረት ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ኑክሊየር አረር እየቆጠሩ ሲዛዛቱ፣ ሊቃውንቱ በየዓመቱ ተገናኝተው የለኩትን ይነጋገሩ ነበር።

ኢትዮጵያም ከዚያ ጉባኤ አልቀረችም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ከመሬት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀን ቀን የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለመከታተል አዲስ አበባ እጅግ የምትመች ሆና ተገኘች። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ለጂኦፊዚክስ ዓመቱ ተብሎ፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። ጣቢያው በየቀኑ የመዘገበው ሁሉ ወደ ዓለም የመረጃ ማዕከላት ተላከ፤ ከማዕከላቱ አንዱ በአሜሪካ አንዱም በሶቭየት ኅብረት ነበር። ሞስኮ ያለው ተማሪም ዋሽንግተን ያለውም የአዲስ አበባን ቁጥር እኩል ያነብብ ነበር። እሳቸውም በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እስከ ዛሬ መሐንዲሶች የሚጠቅሱት መጽሐፍ ነው።

በዚያው ዘመን በዚያው ደጋ ላይ ሌላ ጆሮ ወደ ሰማይ ተቀስሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችው በአስመራ፣ ቃኘው ተብሎ በሚጠራው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ውስጥ፣ ስቶንሃውስ የሚል የምሥጢር ስም የተሰጠው ጣቢያ ከ1965 እስከ 1975 ሠርቷል። ሁለት ግዙፍ የሳሕን አንቴናዎች ነበሩት፤ የትልቁ ስፋት 46 ሜትር ያህል ነበር። ሥራቸው የሶቭየት መንኮራኩሮች ከጨረቃና ከፕላኔቶች ወደ አገራቸው የሚልኩትን ምልክት መጥለፍ ነበር። አንቴናው ከማናቸውም የሥነ ፈለክ አንቴና አይለይም። ሰው አልገደለም፤ ጥይትም አልተኮሰም። ያዳመጠውም ስለ ጨረቃ አፈርና ስለ ቬነስ አየር የሚናገር ንጹሕ የሳይንስ ወሬ ነበር። ነገር ግን የሰማውን ለማንም አልተናገረም። የአስመራ ሰው አንቴናውን ከሩቅ እያየ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ኖረ።

የአዲስ አበባውን ጣቢያና የአስመራውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከብዙ ክርክር የሚያወጣ ይመስለኛል። በ1967 የተፈረመው የጠፈር ውል ጠፈርን የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳይ ያደርገዋል፤ ኑክሊየር መሣሪያ በምድር ዙሪያ እንዳይሰቀልም ይከለክላል። ሰላማዊ ስለሚለው ቃል ግን የሕግ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ሰላማዊ ማለት የወታደር እጅ ያልነካው ነው ይላሉ። በዚህ መለኪያ መንገድ የሚመራን ሳተላይት እንኳ ከወታደር እጅ የወጣ ስለሆነ ከሰማይ ላይ ንጹሕ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሰላማዊ ማለት ለጥቃት ያልዋለ ነው ይላሉ። በዚህኛው መለኪያ ስቶንሃውስም ሰላማዊ ነበር። የመጀመሪያው ወንፊት ሁሉን ያስቀራል፤ ሁለተኛው ሁሉን ያሳልፋል።

በእኔ አስተያየት መጠየቅ ያለበት የመሣሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይሆን፣ በመሣሪያው የታወቀው ነገር ለማን እንደሚደርስ ነው። ሊቃውንቱ በማኅበር መደራጀታቸው ፋይዳ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ኮስፓርም ሆነ የሥነ ፈለኩ ኅብረት ጦርነት ያስቆሙበት ቀን የለም፤ ይህንን ከእነርሱ መጠበቅም ደብተራ ዝናብ እንዲያቆም እንደ መጠየቅ ነው። የሚችሉት አባላቱን የለኩትን እንዲያሳዩ ማስገደድ ነው። ማኅበርተኛ ጽዋውን ሳያወጣ የሌላውን ሊጠጣ አይችልም። ማኅበርን ለሚያውቅ ሐበሻ ይህ ሕግ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ይህ መለኪያ ግን ፈተና አለበት። የሊቃውንት ማኅበር አባል የመንግሥቱም ዜጋ ነው፤ ገንዘቡም ከመንግሥት ይመጣል። በ2019 በሩሲያ መንኮራኩር ላይ ተጭኖ የወጣ ኤሮሲታ የሚባል የጀርመን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነበር። ሩሲያ ወደ ዩክሬን ከዘመተች ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2022፣ ጀርመኖቹ ቴሌስኮፑን አስተኙት። ከወራት በኋላ የሩሲያ የጠፈር ድርጅት ኃላፊ በገዛ እጃችን እናነቃዋለን ሲሉ፣ የሩሲያ ሊቃውንት ራሳቸው ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አይነካም ብለው ተቃወሙ። ጀርመኖቹ ልክ ሠርተዋልን? ከወራሪ ጋር አብሬ አልሠራም ማለት ክብር ያለው ነገር ነው። ነገር ግን በጦርነቱ ያልተጠየቀው ሰማይ ሳይታይ ቀረ፤ የተቀጡትም ወሳኞቹ ሳይሆኑ ቴሌስኮፑን የሠሩት ሆኑ። የካርቱም ተማሪዎች በ2008 በመንግሥታቸው ኃጢአት ተመዝነው ቢሆን ኖሮ አልመሐታ ሲታ የሚባል ስም ዛሬ ባልኖረ። በዚህ ጉዳይ ልቤ ከመዝጋት ይልቅ ወደ መክፈት ያደላል፤ የወገን ደም የፈሰሰበት ሰው ሌላ ቢፈርድ ግን አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ፈተና የእንጀራ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲመሠረት፣ የሚበላው ያጣ አገር ኮከብ ሊቆጥር ተነሣ ተብሎ ተሹፎበታል። ማኅበሩ ግን በእንጦጦ ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አስተከለ፤ ከገንዘቡ አብዛኛውን የሰጡት ሼክ መሐመድ አልአሙዲ ነበሩ። ጣቢያው በ2015 ሲመረቅ ዓመቱ የድርቅ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ሽሙጡ እውነት የመሰለበት ጊዜ ነው። ዳሩ ግን ያንን ድርቅ ያመጣው ኤልኒኞ የታወቀው በምንድን ነው? የፓስፊክ ውቅያኖስን ሙቀት ከሰማይ በሚለኩ ሳተላይቶች ጭምር ነው። ገበሬው ኮከብ ለመቁጠር ጊዜ የለውም የሚሉን ሰዎች፣ የገበሬው አባት ዝናቡን በምን ይጠብቅ እንደነበረ ረስተዋል። በባሕረ ሐሳብ በዓሉን፣ በመጽሐፈ ሄኖክ የብርሃናቱን መንገድ ሲያሰላ የኖረ ሕዝብ፣ ሰማይን ማየት ቅንጦት ነው ሲባል ሊደነግጥ ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮውን በአዲስ አበባ ከፈተ፤ በኦክቶበር 2019 ስለ ጋላክሲዎች እምብርት የሚነጋገር ሲምፖዚየሙን በዚያው ከተማ አካሄደ፤ በዲሴምበር 20 ቀን 2019 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተተኮሰች። በ2024 ደግሞ ኅብረቱ በ1919 ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤውን በአፍሪካ ምድር፣ በኬፕታውን አደረገ። መቶ አምስት ዓመት መቆየቱ የሚያሳፍረው እኛን አይደለም።

የጀሪፍ ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ አለ። ጀሪፍ በዓባይ ዳር የተቆረቆረ፣ ከወንዙ ደለል ጡብ የሚጠፈጠፍበት ሰፈር ነው፤ ያ ደለል የጎጃምና የወሎ አፈር መሆኑን በስደት ያሉት ወገኖቻችን እየቀለዱ ይናገሩታል። በ2020 ክረምት የአውሮፓ ሳተላይቶች ያነሷቸው ምስሎች ከሕዳሴው ግድብ በስተኋላ ውኃው እየሰፋ መሆኑን ለአዲስ አበባም፣ ለካርቱምም፣ ለካይሮም እኩል አሳዩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ካርቱም ላይ የወንዙ ከፍታ ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ደረጃ ደርሶ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ። ፖለቲከኞቹ ስለ ውኃው መጠን ሲጨቃጨቁ ምስሉ ለሦስቱም አንድ ነበር። ጭቅጭቁን አላቆመውም፤ ጨርሶ መዋሸትን ግን አስቸጋሪ አደረገ። ይህ ትንሽ ነገር ነው ለማለት አልደፍርም።

ነገር ግን ማየት ማዳን አይደለም፤ ይህንንም ሱዳን ከማንም በላይ አስተምራናለች። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ ከመጀመሪያዎቹ የተኩስ ስፍራዎች አንዱ የከተማው እምብርት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ነው። በግቢው የታገቱት ተማሪዎች ለቀናት መውጫ አጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ በጥይት ሞቶ፣ አስከሬኑን ማውጣት ስላልተቻለ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀበረ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አልፋሽርን ሲይዝ፣ የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ላይ አስከሬን የሚመስሉ ክምሮችንና የቀላ መሬት ለይተው ለዓለም አሳዩ። በከተማዋ ዙሪያ የአፈር ግንብ እየተሠራ መሆኑንም ከወራት በፊት ከሰማይ አይተው አስጠንቅቀው ነበር። ዕውቀቱ ክፍት ነበር፤ ለሁሉም ደርሷል። ከላይ ባቆምሁት መለኪያ መሠረት ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ የጠፈር ሥራ የለም። በአልፋሽር ላሉት ግን ማንም አልደረሰላቸውም።

መለኪያዬ በዚህ ተሰበረ ልበል? አልልም። ሆኖም የጎደለው ነገር አለ። የጋራ ዕውቀት የጋራ ዕዳ ያመጣል፤ የሊቃውንቱ ማኅበራት እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን ለርዳታ ድርጅቶች ትተዋል። የሱዳን ተማሪዎች የለቀሙት ድንጋይ ኢሮፓና አሜሪካ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ተፈልጧል፣ ተመዝኗል፣ የዶክትሬት ማዕረግም አስገኝቷል። ያ ሁሉ ያለ ክፍያ የተሰጠ የማኅበር ጽዋ ነበር። አሁን ሰጪው ቤት ፈርሷል። የኅብረቱ አባል የሆነ የካርቱም መምህር በካይሮ ወይም በአዲስ አበባ ጥገኛ ሆኖ ሲቀመጥ በሌላ አገር ቴሌስኮፕ ላይ የመሥሪያ ሌሊት ሊመደብለት፣ ያቋረጠ ተማሪው በየትኛውም አባል ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን ሊወስድ፣ የጠፋ መዝገቡ ከየአገሩ ቅጂ ተሰብስቦ ሊመለስለት ይገባል። እነዚህ ጦር የሚያዘምቱ፣ ማዕቀብ የሚጥሱ ነገሮች አይደሉም። አንድ ጸሐፊና አንድ ማኅተም ይበቃቸዋል።

በሜትሮራይት ጥናት ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ድንጋይ የወደቀበትን ስፍራ ስም ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ በየትኛውም ከተማ ከእነዚያ ስብርባሪዎች አንዱን በአጉሊ መነጽር ሥር የሚያደርግ ተመራማሪ በመዝገቡ ላይ በመጀመሪያ የሚጽፈው አልመሐታ ሲታ የሚለውን የዐረብኛ ስም ነው። ስሙን ከጻፈ በኋላ፣ ድንጋዩን ወደ ሳጥኑ ከመመለሱ በፊት፣ ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ምን ላግዛችሁ የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።